የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል

«የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ሲለኝ ነው ነገሩ የሸተተኝ። የሕንፃችን ነዋሪዎች ሊቀመንበር እንኳን ሰው ሊያመሰግን፣ ሰላምታ ሲመልስም ከኪሱ የሚከፍል ነው የሚመስለው። እኔን ግን እንዲህ ሲያሞግስ ቆይቶ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርጎ አስመረጠኝ። እማዬ ደስ አላት። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

በማግስቱ የሊቀመንበሩን ሚስት ወንድም ደረጃው ሥር አገኘሁት። ሜትር ዘርግቶ የእማዬን በር ይለካል። እማዬ በዚያች ጠባብ ክፍል ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ፤ የስፌት መኪናዋን ወስዳ የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ የላትም።

«ምን እየለካህ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው፣ እህቴ።»

ሰው ዝም ብሎ የሰው በር ይለካል?

የስብሰባው ቀን ምድር ቤት ፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። እንደ ደንቡ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው የሚገባው፤ እማዬ ሥራ ስለበዛባት የመጣሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ገና ሳይጀምር ወደ እኔ ዞረ።

«ቃለ ጉባኤ ያዥ ይጽፋል እንጂ አይናገርም። ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደተወሰነ፣ በቃ። አንቺ የተሰማሽን አይደለም።»

ስለ ውሃ ፓምፑ ጻፍኩ። ስለ ተቃጠለው የኮሪደር አምፖል ጻፍኩ። ሰዉ ሊነሳ ሲቁነጠነጥ ሊቀመንበሩ «ሌሎች ጉዳዮች» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደረጃ ሥር ያለችው ክፍል ለሕንፃው ጥቅም ትፈለጋለች። አንድ ታማኝ ሰው ሱቅ ሊከፍትባት ጠይቋል።»

ጎረቤቶቼ አንዴ እኔን አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የእኛን ቤት አፍ በእስክሪቢቶ ለጉሞት ኖሯል!

«ተቃውሞ አለ?» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ። «ከሌለ በሙሉ ድምፅ ብለሽ ጻፊ።»

ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩና መዝገቡን ፊቱ አስቀመጥኩለት፤ እስክሪቢቶውንም ከላዩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የሚጽፍ አይናገርም ብለውኝ የለ፣ ጋሼ? እኔ ልናገር ስለሆነ እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ «እውነቷን ነው፤ ያልተጻፈ ስብሰባ ደግሞ አይጸናም» አለች። ሊቀመንበሩ መዝገቡን የሚረከበው ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ። አሁን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እየመረረው መነጽሩን አደረገ።

«እሺ፣ ከየት ልጀምር?»

«የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ካሉኝ ቀን» አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ነርሷ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ የሚጽፍ አይናገርም።»

እስክሪቢቶውን አነሳ። እኔም ስለ ሜትሩ መናገር ጀመርኩ።