በሁዳዴ የጮኸ ቆርቆሮ

ሰቆጣ ገበያ ዳር ሬዲዮ የሚጠግነው ምትኩ «ጋኔን በቆርቆሮ አሥሯል» መባሉን የሰማው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው በአማርኛም በአገውኛም እየተወራ ጎረቤት አገር ደሃና ድረስ ደርሶ ተመልሷል።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ምትኩ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ የጦር ሬዲዮ ሆድ ዕቃውን አወጣ፤ ከተሰበረ ስልክ መነጋገሪያውን ነቀለ፤ በላምባ ቆርቆሮ ላይ ሽቦዎች ወጠረ፤ ሁሉንም ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘና ድምፅ ማጉያውን የሻይ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ሽቦውን ሲነካው ቤቱ ያገሳል። መነጋገሪያውን ወደ ሣጥኑ ሲያስጠጋው ደግሞ ጉዱ ፈላ፤ ማንም ሳይነካው ራሱን ሰምቶ ራሱ ያዜማል። ምትኩ መጀመሪያ የሰማው ዕለት አማተበ። ፈርቶ ብቻ አልነበረም፤ ደስታው ሊገድለው ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ቀድሞ የሰማ ፍጡር ያለ አልመሰለውም።

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ከበሮ እንኳ ዝም ይላል፤ የሚደረደር በገና ብቻ ነው። የአባቱ የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ በገና ግን ጆሯቸው ከደነቆረ ወዲህ ከግድግዳ ወርዶ አያውቅም። መሪጌታ ማኅሌቱንም መምራት ትተው ነበር። ታዲያ ምትኩ ምን አደረገ? ሳይጠይቅ እንዝራዎቹን፣ የበገናውን ጅማት የሚያነዝሩትን ቁራጭ ቆዳዎች፣ አውልቆ በሽቦዎቹ ሥር ሸጎጣቸው። ቆርቆሮው የበገና አንደበት አወጣ።

መሪጌታ የተራቆተውን በገና ባዩ ጊዜ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ምትኩ ቤት ዳገቱን ወጡ።

«በጾም ዘፈን! ያውም በእኔ እንዝራ!» አሉ እየጮኹ፤ መስማት ከተሳናቸው ወዲህ ቀስ ብለው መናገር አይችሉም። «ሰብሬው ነው የምሄድ! ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም!»

«አባቴ፣ ይማሩኝ፣ ዘፈን እኮ አይደለም!» አለ ምትኩ። ለማን ይናገራል?

በመቋሚያው ሣጥኑን መቱት። ሣጥኑ አልተሰበረም፤ ምቱ ግን ሽቦዎቹን ቀሰቀሳቸውና ነገሩ ማዜም ጀመረ። መሪጌታን ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቷቸዋል። ለሁለተኛው ምት እስኪበረቱ፣ ማኅሌት ቆመው እንደለመዱት፣ የመቋሚያውን እግር እዚያው ሣጥኑ ላይ እንደተከሉ አገጫቸውን በመቋሚያው ራስ ላይ አሳረፉ።

ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም።

ድምፁ በእንጨቱ ወጥቶ፣ በአገጫቸው አልፎ፣ ስንት ዘመን ጨለማ ወደነበረው ጆሯቸው ገባ። ዓይናቸው ፈጠጠ። እንባቸው ጺማቸውን አረጠበው። ምትኩ የሆነው ነገር ሲገባው የገዛ ሥራውን ፈራው። ይህን እሱ አላሰበውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ሊወጣ እንደሚችልም አያውቅም ነበር።

መሪጌታ አገጫቸውን ሳያነሡ ተናገሩ። አልጮኹም፤ ምትኩ በልጅነቱ በሚያውቀው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር።

«ልጄ፣ የዳሯ እንዝራ ተንሸራታለች። ወደ ውስጥ ግፋት።»

ምትኩ ገፋት።

«እህ» አሉ፤ «አሁን ገና።»