አይሱዙ ላይ የተወለደችው ልጅ

ከገና በፊት ባለው የአድቬንት ሰሞን፣ ሜቲና ባሏ ዱጋሳ አሶሳ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን የጌታን ልደት በሚያሳዩ ትዕይንቶች ሞላው። ከመግቢያ ክፍያው የሚገኘው ገንዘብ ለወላድ እናቶች ማረፊያ ቤት ማሠሪያ ነው ስለተባለ፣ ሜቲ ደስ ብሏት ሄደች። አንዱ ማርያምን በሸክላ፣ ሌላው በቀርከሃ፣ ሌላው በበቆሎ ልጣጭ ሠርቷታል። ሜቲ ጎንበስ እያለች እያንዳንዷን ስታይ፣ ዱጋሳ "ይበቃናል፣ እንሂድ" እያለ ክንዷን ይጎትታል።

መጨረሻ ያለው ጠረጴዛ ላይ በረትም ግርግምም የለም። ከቆርቆሮ የተሠራች አይሱዙ ቆማለች። ከኋላዋ፣ ትንንሽ የሰሊጥ ጆንያዎች ላይ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ሕፃን ታቅፋ ትስቃለች።

ሜቲ ጣቷን ወደ ቢጫው ሻሽ ዘረጋች።

ከካማሺ ግጭት ሲሸሹ ምጥ የያዛት አይሱዙ ላይ፣ ሰሊጥ በተሞሉ ጆንያዎች መሀል ነው። ቢጫ ሻሿን ነክሳ ወለደች። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። ዱጋሳ መንገድ ዳር ቀበራት፤ ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። አሶሳ ከገቡ ወዲህ ሜቲ ይህን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጸሐይ ለእንግዶች ማስረዳት ጀመሩ። "ይቺ እናት የእኛው ተፈናቃይ ናት። ጌታ በመንገድ ላይ ጤነኛ ልጅ ሰጣት…"

"ውሸት ነው!" አለች ሜቲ።

እንግዶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

"ሜቲዬ፣ ምን ሆንሽ?" አሉ ወይዘሮ ጸሐይ።

"ሴትየዋ እኔ ነኝ! ልጄ ሞታ ነው የተወለደችው። ከየት አምጥተው ነው እያሳቁ እዚህ ያስቀመጡኝ? ማን ጠየቀኝ?"

ወይዘሮ ጸሐይ ግራ ገብቷቸው ዱጋሳን አዩት። "እሱ አይደለም እንዴ አንቺ ባልነበርሽበት ጸሎት ላይ ይህን ሁሉ የመሰከረው? ቃናኒ ትባላለች፣ ነቀምቴ አያቷ ጋ ናት አለን። አንቺም የተስማማሽ መስሎኝ…"

ሜቲ ወደ ባሏ ዞረች። "ስም አወጣህላት?"

ዱጋሳ አቀረቀረ። "ልጅ አላችሁ ወይ ሲሉኝ የለንም ማለት አፌ እምቢ አለኝ። አንዴ አለች አልኩ፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።"

"እኔን መቃብሯ ዳር ትተኸኝ፣ አንተ ታቅፈሃት ስትዞር ከረምክ!"

"ተይ ልጄ፣ ለበጎ ሥራ ነው፤ በእንግዳ ፊት…" አሉ ወይዘሮ ጸሐይ።

"በጎ ሥራችሁን በራሳችሁ ልጅ ሥሩ!" ሜቲ አይሱዙዋን በሁለት እጇ አንሥታ በአፍጢሟ ደፋቻት። ሰሊጡ ወለሉ ላይ ተበተነ። ማንም አልከለከላትም። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ የሆነውን ነገረቻቸው፤ አዋላጅ እንዳልነበረ፣ ጤና ጣቢያው ተዘግቶ እንደነበር፣ ልጇን ጠግባ እንኳ ሳታያት እንደተቀበረች። ድምፅዋ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ወይዘሮ ጸሐይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ሰሙ።

ስትወጣ ዱጋሳ ከኋላዋ ሮጠ።

"ሜቲ፣ ይቅር በይኝ። ቃናኒን…"

"በዚያ ስም አትጥራት! እኔን ሳትጠይቅ ያወጣኸው ስም ነው።"

የምታልፈውን ባጃጅ አስቆማ ገባች። ዱጋሳ ሊከተላት እግሩን ሲያነሣ፣ "በእግርህ ና" አለችው፤ ለሾፌሩም "ንዳው" አለችው።