የባልዲው ትንፋሽ

አካሉ በሩ ሲንኳኳ አልሰማም፤ ራሱ ላይ ባልዲ ደፍቶ ነበር። ሲሰበር ግን ሰማው። ዞር ሲል በባልዲው መስታወት በኩል የታየው የጠመንጃ ሰደፍ ነው። ሰደፉ ጎኑን አገኘውና ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ጣለው። ወድቆም አልተዉትም፤ ሦስት ሆነው ረገጡት። አንደኛው እያማተበ ነበር የሚረግጠው፤ ባልዲ ያጠለቀ ሰው አይቶ አያውቅም።

«አውልቁለት ይኼን ነገር!» አለ ከበሩ ላይ የቆመው ሰው።

ዳኘው ነበር፤ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ መሪ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ሰው ጧት ከቤቱ ሲወጣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ የሚወጣበት ዘመን።

ባልዲው ሲወልቅ የአካሉ ፊት ንጹሕ ነበር። ከአንገቱ በታች ግን የዋንዛ ብናኝ ለብሷል።

«ምንድን ነው? የጋዝ ጭንብል ነው?»

«ባልዲ ነው፣ ጓድ።»

«ባልዲ መሆኑንማ አያለሁ፣ ዓይን አለኝ! ምን ትሠራበታለህ?»

«እተነፍስበታለሁ።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ዳኘው አልሳቀም። ሽጉጡን መዘዘና በእጀታው አፉን መታው። አካሉ ጥርሱን ከደሙ ጋር መሬት ላይ ተፋው።

የሰጠው መልስ ግን እውነት ነበር። አካሉ አናጢ ነው፤ እቤቱ ውስጥ በር፣ መንበርና አልጋ ይሠራል። ደረቱን ደግሞ አስም ይዞታል። ዋንዛ ሲላግ የሚነሣው ብናኝ ጉሮሮውን እየዘጋ ሲያስቸግረው ሐኪሙ «ወይ ሥራውን ተው፣ ወይ መቃብርህን አስቆፍር» አለው። ሥራውን ቢተው የሚበላው የለም። በዚህ መኻል ፔዳ ኮሌጅ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ፣ አካሉ ሄዶ አሮጌ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ይዞ መጣ፤ በኤሌክትሪክ እየጮኸ አቧራ የሚስበውን።

«እሰይ» አለችው ሚስቱ ፀሐይወርቅ። «መጥረጊያውስ መጣ፤ ምንጣፉ መቼ ይመጣል?»

አካሉ ማሽኑን አገላብጦ አየው። ባንድ በኩል አየር ይስባል፣ በሌላው በኩል ይነፋል። ቱቦውን ከሚነፋው በኩል ገጠመው። የፀሐይወርቅን አሮጌ ባልዲ ፊት ለፊቱን ቆረጠና የፎቶ መስታወት አስገባበት፤ ዙሪያውን ከተቀደደ የዝናብ ልብስ ላስቲክ ሰፋበት፤ ማጅራት ላይ የሚታሰር ቀበቶ አበጀለት። ከዚያ ማሽኑን ብናኝ በማይደርስበት ጓዳ አስቀምጦ ግድግዳውን በሳ። ቱቦው በቀዳዳው ይገባል፤ የጓዳው ንጹሕ አየር ባልዲው ውስጥ ይነፋለታል። ጎረቤት «አባ ባልዲ» ብሎ ስም አወጣለት። እሱ ግን ሳያስል መዋል ቻለ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነ።

ዳኘው የመጣው ለባልዲው አልነበረም። የሚፈልገው የፀሐይወርቅን ታናሽ ወንድም መርስዔ ኀዘንን ነው። ልጁ ፔዳ ተማሪ ነበር፤ ወረቀት በትናችኋል ተብለው ጓደኞቹ ተረሽነዋል። አካሉ በታንኳ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከጠረበው የመንበረ ታቦት እንጨት ጋር አሻግሮ፣ ጣና ላይ ካሉት ገዳማት ባንዱ ትቶታል። መርስዔ ኀዘን አስኳላ ሳይገባ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበርና፣ ደበሎ ለብሶ ከድጓ ተማሪዎች መኻል ሲቀመጥ ማንም አይለየውም። የትኛው ገዳም እንደሆነ አካሉ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ከሱ አፍ ካልወጣ የሚወጣበት ሌላ አፍ የለም።

«የት ነው?» አለ ዳኘው።

«አላውቅም፣ ጓድ።»

የግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በገዛ መዶሻው ጣቱን ቀጠቀጡት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ።

«የት ነው?»

«እናቴን! አላውቅም!»

ዳኘው እስከዚያ ባልዲውን በእጁ እያገላበጠ ነበር። «ይኼን ነገር አብሩት እስቲ» አለ። አበሩለት። ባልዲውን ደፋ፤ ጠባቂዎቹ የዋንዛውን ብናኝ በአካፋ አስነሡት። እነሱ እያሳሉ ወደ ደጅ ሲሮጡ ዳኘው ብናኙ መኻል ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰ። ማሽኑ ጓዳ መሆኑን አይቷል፤ ለምን ጓዳ እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

«ይኼንንም ይዛችሁ ኑ» አለ ሲያወልቅ። «ለኔ የተሠራ ነው።»

ቀበሌው ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ ነበር። ከግቢው ጀርባ የብረት በር ያለው፣ መስኮቱ በግንብ የተደፈነ መጋዘን አለ። እናቶች ለሚያስቸግር ልጅ በቁንጥር ከሰል ላይ የሚጥሉትን በርበሬ፣ እዚያ በጭብጥ ነው የሚጥሉት። እስረኛውን አስገብተው፣ በርበሬውን በትነው፣ በሩን ከውጭ ይቀረቅሩበታል። ዳኘውን የሚያናድደው አንድ ነገር ነበር። ሰው የሚለፈልፈው ጭሱ ውስጥ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚሰማው የለም። በሩ ተከፍቶ ነፋስ ሲያገኝ ልቡ ይመለስና እንደገና ዝም ይላል። ዳኘው አብሮ ውስጥ መሆን ይፈልግ ነበር።

የመጋዘኑ ዘብ ክንዱ ይባላል። አካሉን ሁለት እጁን ፊት ለፊት ታስሮ፣ አፉ ደም ጎርሶ ሲያየው መሬት መሬት አየ። አካሉ የክንዱ ልጅ የክርስትና አባት ነው፤ አበልጅ ናቸው።

ጠባቂዎቹ ማሽኑን ከፍሙ አጠገብ ሊያስቀምጡ ሲሉ አካሉ ተናገረ። «ማሽኑ ውጭ ይሁን፣ ጓድ።»

«ምን አልህ?»

«አየሩን የሚስበው ከተቀመጠበት ነው። ጭስ ውስጥ ካስቀመጡት ጭስ ነው የሚነፋዎ። ውጭ ይሁን፣ ቱቦው ብቻ በበሩ ሥር ይግባ።»

ለምን እንደነገረው ራሱም አላወቀም። መጋዙን እንኳ ለሰው ሲያውስ አያያዙን ሳይናገር አይሰጥም ነበር፤ ልማዱ ነው ያናገረው።

ዳኘው ወደ ክንዱ ዞረ። «ውጭ ማን ሊጠብቀው ነው? ይኼ?»

«እኔ እጠብቀዋለሁ፣ ጓድ» አለ ክንዱ።

«ጠብቀህ ሞተሃል! የልጅህ ክርስትና አባት ማን እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ? ሽቦውን ንቅል አድርገህ እዚያው ልትደፋኝ? ስንት ዓመት የበላችሁት የክርስትና ድግስ መስሏችኋል!»

«ጓድ፣ እኔኮ አብዮት ጥበቃ ነኝ።»

«መጀመሪያ አበልጅ ነህ።» ዳኘው ማሽኑን በእግሩ ወደ ፍሙ ገፋው። «ከዓይኔ አይርቅም። አንተም ስማ፤ የፈለገ ጩኸት ብትሰማ በሩን እንዳትከፍት። የሱ ጩኸት ያባባሃል፣ አውቅሃለሁ። እናንተም ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አሉ ሌሎቹ። ማሽኑን አብርተው፣ የባልዲውን ቀበቶ ከዳኘው ማጅራት አስረው ወደ አደባባዩ ሰልፍ ሄዱ። የድምፅ ማጉያው ጩኸት እስከ ግቢው ይሰማል። ክንዱ በሩን ቀረቀረ።

ዳኘው የመጀመሪያውን ጭብጥ በተነ።

የአካሉ ደረት ወዲያው ተቆለፈ። በሆዱ ተሳበና አፉን ከበሩ ሥር ካለችው ክፍተት ደቀነ፤ የሐይቁን ቀጭን ነፋስ እንደ ውሃ ላሳት።

«የት ነው?» አለው ድምፁ ከባልዲው ውስጥ። ሁለተኛ ጭብጥ። «አማችህ አይደለም የሚጠፋው፣ የገዛ ነፍስህ ናት! የት ነው?»

ሦስተኛውን ጭብጥ አነሣና እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ማሽኑ ጭሱን ከፍሙ ላይ እየማገ ወደ ባልዲው ይገፋ ጀምሯል። ሰው ከጭስ ፊቱን ያዞራል፤ ባልዲ የደፋ ሰው ግን የሚያዞርበት የለውም። ዳኘው አንዴ ሳለ። ሲስል በሳበው ትንፋሽ ሙሉ እሳት ዋጠ። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ የሰው አልመሰለም። ቀበቶውን በሁለት እጁ ቢቧጥጥ ዘለበቱን አጣው። ራሱን ከግድግዳው ጋር አላተመ፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። መስታወቱ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባበት። በቀዳዳው ጣቶቹን አስገብቶ ባልዲውን ሲገነጥለው አፍንጫው ተከፍሎ ደሙ አገጩን ያጥበዋል፤ ዓይኖቹ አብጠው ተከድነዋል።

«ክፈት!» አለ። ድምፁ ከጉሮሮው ሲወጣ ፉጨት ሆነ። «ክንዱ! ክፈት!»

ክንዱ አልከፈተም። ዳኘው ሽጉጡን አውጥቶ በሩ ላይ ተኮሰ። ጥይቱ ብረቱን ሳይበሳ ነጥሮ የአካሉን ትከሻ ቀደደው። ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ።

«ማን ነው የሚተኩስብኝ?» አለ ክንዱ ከውጭ።

ዳኘው በድምፁ አቅጣጫ ዳብሶ መጣ። አካሉን በክርኑ ፊቱን ደቁሶ ከክፍተቷ ገፋውና በቦታው ተደፋ። ከዚያች ቀዳዳ የምትገባዋ ነፋስ ለተቃጠለ ጉሮሮ አልበቃችም። ያን ጊዜ ነው የአናጢው ነገር የገባው። ማሽኑን ጎትቶ የሚስበውን አፍ ከበሩ ሥር ደገነው፤ ቱቦውን አፉ ውስጥ ከተተ። ንጹሕ አየር መጣ። አካሉ ከጎኑ ጉልበቱን አቅፎ ከንፈሩ እየጠቆረ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ዳኘው ነኝ! ክፈት!»

«ጓድ ዳኘው እንዳልከፍት አዘውኛል» አለ ክንዱ። «ደግሞም እየተተኮሰብኝ ነው። ብከፍት ይገድሉኛል።»

«አልገድልህም! ጥይት የለኝም!»

«አበልጄስ?»

«አለ! ደኅና ነው!»

«እንግዲያው ይናገር። አበልጄ በራሱ አፍ ‹ክፈት› ይበለኝ፣ እከፍታለሁ።»

ዳኘው ዞረ። በጨለመው ዓይኑ ዳበሰና የአካሉን ፀጉር ይዞ ፊቱን ወደ በሩ አመጣው። «ተናገር! ክፈት በለው!»

ከአካሉ ደረት የወጣው ሲርታ ብቻ ነው።

ዳኘው ቱቦውን ከአፉ አወጣና አካሉ አፍ ውስጥ ሰገሰገው። «ጠጣ! ጠጣና ተናገር!»

አካሉ ሳበ። መጀመሪያ ጠብታ ገባ፤ ቀጥሎ ትንሽ፤ ቀጥሎ ደረቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየጮኸ ተከፈተለት። ዳኘው አጠገቡ ተደፍቶ ያስላል፤ ባሳለ ቁጥር ደም ይተፋል።

«አሁን ተናገር። አንዲት ቃል ናት። ክፈት። በእመቤቴ ይዤሃለሁ።»

አካሉ የእመቤታችንን ስም ከዚያ አፍ ሲወጣ ሲሰማ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ከቱቦው ሌላ ትንፋሽ ሳበ።

«እምርሃለሁ! መርስዔ ኀዘንን አልፈልግም፣ ልጁ ይቅርብኝ! ክፈት በለው!»

ከውጭ ክንዱ በሩን መታ። «አበልጄ! አለህ ወይ? አንዲት ቃል በለኝ!»

አካሉ ክንዱን አሰበ። በሩ ቢከፈት መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፤ ነገ የሚተኩስ ሽጉጥ ሞልቷል። ታንኳዎቹን፣ ገዳሙን፣ ደበሎ የለበሰውን ልጅ አሰበ። ዳኘው ቱቦውን አልነጠቀውም፤ ቢነጥቀው ይኼ ሰው መናገር አይችልም። እንደያዘለት እጁ እየላላ፣ «ተናገር» የሚለው ቃል እያጠረ፣ «ተና» ሆነ። ቀጥሎ ፉጨት ብቻ ሆነ። አካሉ በቱቦው እየተነፈሰ ሰማው፤ ፉጨቱም ቆመ።

ሰልፈኞቹ ሲመለሱ በሩ ተከፈተ። ዳኘው በደረቱ ተኝቶ፣ ቱቦውን በአካሉ አፍ ላይ እንደያዘ ሞቶ ተገኘ። ክንዱን ማንም አልነካውም፤ ትእዛዙን ሁሉም በጆሯቸው ሰምተዋል። በቀብሩ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጓድ ዳኘው የመጨረሻ ትንፋሹን ለእስረኛው ሰጥቶ ተሠዋ ብለው ተናገሩ፤ ሰውም አጨበጨበ። የተሠዋለትን ሰው መግደል ስላላማረባቸው አካሉን ሆስፒታል ጣሉት።

ፀሐይወርቅ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የተሰበረ ጣቱን በመዳፏ ያዘች። ዙሪያዋን ቃኝታ ጎንበስ አለች።

«ተናገርህ?»

«አልተናገርሁም።»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ስለ ሰውዬውም ክንዱ ነግሮኛል» አለችው። «አንድ ቃል ብትል ይተርፍ ነበር አለኝ። አንተ ምን ታደርግ፤ መተንፈሻ አጥተህ ነው። ማን ይፈርድብሃል?»

አካሉ ጣሪያውን አየ። ደረቱ በዝግታ ይነሣል፣ ይወርዳል።

«ትንፋሽስ ነበረኝ» አላት።