ዴልበርት ቀኝ፣ ዴልበርት ግራ

ሃርላን ስታብስ ዴልበርት ፕሩትን የሰደበው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ውድድር ሊከፈት ሲል፣ ቅዳሜ ማታ፣ በባፕቲስቶቹ አዳራሽ፣ የከተማው ሰው ሁሉ የተጠበሰ ፍርምባውን እየጎረሰ ሳለ። ዴልበርት ይህን አይስትም። ዛሬ ሃርላን ሞቶ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ያንኑ ስድብ እንደ ደግ ወሬ ሲያወሩት እየሰማ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

“ትዝ ይላችኋል?” አለ ባለመድኃኒት ቤቱ ሌስተር፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። “ወንበር ላይ ቆሞ፣ ‘ዘንድሮ ኳሷን ታቅፎ መሮጥ ቀረ! ሜዳውን ዘርግተን በአየር ነው የምንወረውራት! የፊት መስመር ልጆቻችንም ተራርቀው ነው የሚቆሙት’ አለ። አንዱ ‘ምን ያህል ተራርቀው?’ ቢለው፣ የዴልበርትን አገጭ ያዝ አድርጎ አፉን ከፈተና ‘እንዲህ! እንደዚህ ሰውዬ ጥርስ!’”

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ።

“አንተም ሳቅ እንጂ!” አለው ሌስተር። “ስምህን አስጠርቶልህ ነው እኮ የሞተው።”

“አስጠርቶኛል” አለ ዴልበርት። “እንደ ውሻ።”

ቀልድ መስሏቸው ደግመው ሳቁ።

እነዚያን ሁለት የፊት ጥርሶች ያወለቃቸው ራሱ ሃርላን ነበር። ሁለቱም ተማሪዎች ሳሉ፣ ልምምድ ላይ፣ በአንድ ክርን። ጥርሶቹን ከአቧራው ለቅሞ መዳፉ ላይ አስቀመጠለትና “ተነስ፣ አልሞትክም” አለው። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ከዚያ ዴልበርት ትምህርቱን ጥሎ ብየዳ ገባ፤ ሃርላን ኮሌጅ ሄዶ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። “ና፣ የፊት መስመሩን ልጆች ያዝልኝ” አለው። ሞኙ ዴልበርትም ሄደ።

ያ አሰላለፍ ስሙ ዴልበርት ተባለ። ሃርላን ከሜዳው ዳር “ዴልበርት ቀኝ!” ሲል ልጆቹ ይራራቃሉ፣ ተቀባዮቹ ወደ ቀኝ ይፈተለካሉ፣ ወርዋሪው ጠላት ሳይደርስበት ኳሷን ይለቃታል። “ዴልበርት ግራ!” ሲል ደግሞ ወደ ግራ። ቀኝ ወይ ግራውን ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም፤ ካልጠራ ማንም የሚሮጥበትን አያውቅማ።

መጀመሪያ ያሸነፉ ዕለት ሜዳው “ዴልበርት! ዴልበርት!” ብሎ ሲናወጥ ዴልበርት እጁን አነሳ። ለእሱ መስሎት ነበር። ቀና ቢል፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት የፊት ጥርሳቸውን ጥቁር ቀለም ቀብተው ያገጥጡበታል። እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ ወዲያ በዚያች የጥጥ አገር ስሙን ጥርሱን ሳያሳይ የጠራው ሰው የለም።

ታዲያ ለምን አልተወም? ሚስቱ ስትጠይቀው “ልጆቹን ለማን ልተዋቸው?” ይላል። ውሸቱን ነው። ልምምድ ሲያልቅ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ሃርላን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ዴልበርት ‘ዛሬ ያቺን ቃል ይናገራል’ ይላል በሆዱ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ‘ዛሬ’ እንዳለ ኖረ።

ሃርላን ታሞ ሆስፒታል ሲገባም ስልኩን ጠበቀ። “ካልጠራኝ እግሬን አላነሳም። አንድ ቀን እንኳ እሱ ይፈልገኝ” አለ። ስልኩ አልጮኸም። መሞቱን የሰማው ነዳጅ ሊቀዳ ተሰልፎ፣ ከማያውቀው ሰው ነው። እዚህ ቤት የመጣውም ሊያለቅስ አይደለም። እንደ ሰው ያልቆጠሩትን ሰዎች ፊት ሊያይ ነው።

የሃርላን ሚስት ናዲን ከወጥ ቤት ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

“ዴልበርት፣ ምን ልበልህ ወንድሜ። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ልቡ ጨዋታው ላይ ነበር። በሩ በሩን እያየ ‘ዴልበርት’ ይላል። ትንሽ ያሸልበውና ይነቃል፣ ‘ዴልበርት’። እኛም ደስ እንዲለው ብለን ክፍሉ ውስጥ ተራርቀን እንቆምለታለን። ነርሷ ሳትቀር!”

ለቀስተኛው እየሳቀ እንባውን ጠረገ። ዴልበርት ግን አልሳቀም።

“ቀኝ ነው ያለው ግራ?”

“እ?”

“ቀኝ አለ ወይስ ግራ አለ?”

ናዲን ወደ ልጇ ወደ ክሌይ ዞረች። ክሌይ በአባቱ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር።

“ምንም አላለም” አለ ክሌይ ፈገግ ብሎ። “‘ዴልበርት’ ብቻ። እኔም ‘ቀኝ ነው ግራ፣ አሰልጣኝ?’ እለዋለሁ። ይናደድና ራሱን ይነቀንቃል። ደክሞት ነበራ።”

የዴልበርት ጆሮ ግንድ ጋለ። ሰውየው ስሙን ነጥቆ መቀለጃ አደረገው፤ በጨነቀው ቀን ቢጠራው ስሙ ሰው አላመጣለትም። እነዚህ ደግሞ ስልክ ማንሳት ሲገባቸው ግድግዳ ለግድግዳ ተሰልፈው ይጫወታሉ! ልጁን አንገቱን ይዞ ‘የኔን በር ማንኳኳት አቅቷችሁ ነው?’ ሊለው ከጀለ። ደግሞ ‘ካልጠራኝ’ ብሎ ያልሄደው የራሱ እግርስ? እሱንም ሊሰብረው ፈለገ።

ክሌይ ይህን ሁሉ አላየም። “ጋሼ ዴልበርት፣ ነገ ቀብሩ ላይ የአዳራሿን ወሬ አንተው ብትነግራቸው? ስትጨርስ ደግሞ ጥርስህን ብልጭ ታደርግላቸዋለህ። ሰው ትንሽ ይጽናና።”

“ክሌይ፣ ዝም በል” አለች ናዲን። እጇ አፏ ላይ ቀርቷል። “ዴልበርት… አንተን ነበር እንዴ? አንተን ነበር የሚጠራው?”

ሌስተር ሹካውን አስቀመጠ። “እስኪ ተናገር እንጂ!”

ዴልበርት ባርኔጣውን አነሳ። በመካከላቸው አልፎ፣ በረንዳውን ወርዶ፣ ወደ አሮጌው ፒክአፑ ሄደ። የሹፌሩን በር ትቶ የጋቢናውን ከፈተ። ወንበሩ ላይ የተከመረውን የብየዳ ጓንትና የሽቦ ጥቅል አንስቶ ወደ ኋላ ወረወረ። ከዚያ ሃርላን መጥቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ይመስል፣ ባዶውን ወንበር በመዳፉ ጠረገ። አቧራው እስኪለቅ ጠረገው። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና፣ ዞሮ ወደ መሪው ሄደ።