ቃሊቲ ላይ የተገለበጠችው ጀልባ

ደርዊሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድቷል፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ውሃ ይፈራል። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ከደጃፋቸው ጠጠር ቢወረውር ውሃ ውስጥ ጠብ የሚልበት ሰፈር አድጎ፣ ዋና አይችልም ቢባል ማን ያምናል? እሱም ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። የምታውቀው ሚስቱ ላጢፋ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የባሏን ጉድ አስቀምጣ በደህና ቀን የምታወጣ ሴት ናት።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በታኅሣሥ ብርድ፣ ገና በጠዋቱ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ያገለገለ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሊመርጥ ቃሊቲ የወረደው።

ነገሩ የመጣው በልጃቸው በዘካሪያ ነው። ደርዊሽ መንዳት ያስተማረው፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣለት፣ ጡረታ ሲወጣ ተሳቢውን ሊያስረክበው ብሎ ነበር። ልጁ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት «እኔስ የአያቴ ሐይቅ ይሻለኛል» ብሎ ዓሣ ሊያጠምድ ወሎ ገባ። አባትየው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልደወለለትም። ስሙን ማንሣት ግድ ሲሆንበትም «ልጅሽ» ነው የሚለው፤ ላጢፋ ብቻዋን የወለደችው ይመስል።

ኅዳር ላይ ታዲያ ነፋስ ተነሥቶ የዘካሪያን የደንገል ታንኳ ገለበጠው። ልጁ የታንኳውን ሆድ አቅፎ ከጠዋት እስከ ቀትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆየ፤ ያወጡት ሌሎች አጥማጆች ናቸው። ይህን ለእናቱ በስልክ ያወራላት እየሣቀ ነው። «ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ ዓሦቹን የማያቸው፤ ያን ቀን እነሱ እኔን ሲያዩኝ ዋሉ» አላት። ላጢፋ አልሣቀችም። ከመኝታ ቤት ሆኖ ይሰማ የነበረው ደርዊሽ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። በነጋታው ግን የሚያውቃቸውን ደላሎች በሙሉ «ጀልባ ፈልጉልኝ» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣቸው። ደላሎቹ ሰውዬውን ጡረታው ነካ አደረገው እንዴ ተባባሉ።

«ለሱ ብዬ አይምሰልሽ» አላት ለላጢፋ። «ያንቺን ለቅሶ ስለማልችለው ነው።»

ላጢፋ አላመነችውም፤ ነጠላዋን ደርባ ተከተለችው እንጂ።

ጀልባ አለኝ ያለው አያና የሚባል ነጋዴ ነው። አሮጌ በር፣ አሮጌ ጄኔሬተር፣ አሮጌ የውሃ ታንከር የሚከምርበት ሰፊ ጊቢ አለው። እነደርዊሽን በሩ ላይ ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሐጂ!»

«ሐጂ አትበለኝ። ገና አልሄድኩም።»

«ይሄዳሉ! በዚህች ጀልባ ራሷ ይሄዳሉ!»

ጀልባዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ የተዘጋ ሎጅ ዕቃውን ሲሸጥ የተገኙ። ሁለቱም በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት፣ ለስላሳ ወንበር አላት፣ ከላይ ደግሞ በአራት ብረት የተወጠረ ጥላ የሚሆን ሸራ አላት። እንግዶችን ስታዝናና የኖረች ናት። ሁለተኛዋ ሆደ ሰፊ፣ ግራጫ፣ አምስት ቦታ የተለጠፈች፣ ወለሏ ጣውላ የሆነች ድንጋይ ማመላለሻ ናት። ደርዊሽ ግራጫዋን አንዴ አይቶ ፊቱን አዞረ። ነጯን ግን ዙሪያዋን ዞራት። መኪና ሲገዛ እንደሚያደርገው በጫማው ጎማዋን መታ መታ አደረገ።

«ጎማው ደህና ነው።»

«ጎማው እንኳ አይሸጥም፣ ጋሼ።»

ደርዊሽ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ፣ የሚያፈስ ዘይት ፈለገ፣ አጣ፣ ደስ አለው። ሊብሬ ጠየቀ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ላጢፋ ጣልቃ ገባች።

«አቦ ተው! ባለ ጊቢው፣ በጀሪካን ውሃ አለህ?»

ላጢፋ ያገለገለ በርሜል ስትገዛ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። በሁለቱም ጀልባዎች ውስጥ አራት አራት ጀሪካን ውሃ አስገለበጠችና ጎንበስ ብላ ሆዳቸውን ከሥር አየች። ከውስጥ ወደ ውጭ ካላፈሰሰ ከውጭም ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ይኸው ነው ፍልስፍናዋ። ነጯ ጠብታ አልወጣትም። ግራጫዋ ከኋላዋ በኩል ጭርር አለች።

«አየሽ!» አለ ደርዊሽ።

«እሱ ማፍሰሻዋ ነው፤ ቡሿ ላልቶ ነው እንጂ!» ብሎ አያና በመዶሻ ሁለቴ ሲመታው ቆመ።

«በቃ፣ ነጯን እንውሰድ» አለ ደርዊሽ፣ ውሃው ከሁለቱም ተቀድቶ ሲያልቅ።

«ተቀመጥባት» አለች ላጢፋ።

«ምን?»

«ልጁ የሚቀመጥባትን ያህል ተቀመጥባት። ሁለት ሰዓት።»

«እዚህ? ሰው እያየኝ?»

ላጢፋ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ውሃ ላይ ከሆነማ መቼ ደፍረህ ትወጣባታለህ?»

ደርዊሽ ያለ ተጨማሪ ክርክር ወጣ። ለስላሳው ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ እንደ ሚኒስትር እግሩን አነባበረ። ላጢፋ ጀሪካን ውስጥ የተረፈውን ውሃ በጆግ ቀድታ ጫማው ውስጥ አፈሰሰችበት።

«ምን ማድረግሽ ነው! ብርድ እኮ ነው!»

«የዘካሪያ እግር ደርቆ ያውቃል?»

ከጊቢው አጠገብ ካለው መጋዘን ሲሚንቶ የሚያወርዱ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ደረቅ መሬት ላይ ጀልባ ውስጥ ጉብ ያለ፣ እግሩ የራሰ፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ በየቀኑ አይገኝም።

«ፋዘር! ዓሣው እንቢ አለ እንዴ?»

«ፋዘር፣ ለኛም ሁለት ጣል አድርግልን!»

የደርዊሽ ጥርስ ይንገጫገጫል። የነጯ ጀልባ ጎን አጭር ነው፤ የጠዋቱ ነፋስ በአንዱ ጎድኑ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሃያ ደቂቃ እንደሞላ ከዋናው መንገድ በኩል አቧራ ያንከባለለ ትልቅ ነፋስ መጣ። ሸራው ተነፋ። ደርዊሽ ከእጁ ያመለጠውን ኮፍያ ሊይዝ ወደ ቀኝ ጠጋ አለ። ያኔ ነጯ ጀልባ ከነሰማያዊ መስመሯ ከጎማው ላይ ተነሥታ፣ ዘንበል ብላ፣ ባለቤቷ ሊሆን የነበረውን ሰው አቧራው ላይ ዘርግፋው ተገለበጠች።

«ውሃ ላይ ቢሆን እኮ እንዲህ አትሆንም ነበር!» እያለ አያና እየሮጠ መጣ።

«ውሃ ላይ ቢሆንማ የምወድቅበት መሬት የት አገኝ ነበር?» አለ ደርዊሽ ከተጋደመበት።

አጥሩ በሣቅ ሊፈርስ ደረሰ። ደርዊሽም መሣቅ ጀምሮ ነበር። የአፋርን መንገድ ነፋስ እንደሱ የሚያውቀው ማን ነው? ባዶ ተሳቢ ላይ ሸራ ወጥሮ እዚያ የሚገባ ሾፌር ቢያይ በጥፊ ነበር የሚለው፤ ስንቱን ተገልብጦ አይቷል። ይህን ሁሉ እያወቀ በአንድ ሰማያዊ መስመር ተሸነፈ። ከዚያ ሣቁ አፉ ላይ ቀረ። ይህችን ጀልባ ጭኖ ወሎ ድረስ ወስዶ፣ በገዛ እጁ ልጁን አሳፍሮ ሊልክባት ነበር። እሱ የወደቀው አቧራ ላይ ነው፤ ዘካሪያ የሚወድቀው የት ነው? ደርዊሽ ፈራ። ላጢፋ እጁን ይዛ ስታነሣው አልለቀቃትም።

«ያችን ላያት» አለ ወደ ግራጫዋ እያየ።

«እሷ እንኳ ድንጋይ ነው ያመላለሰችው፣ ጋሼ፤ ለእርስዎ አትሆንም» አለ አያና፣ እውነቱ ሳያስበው አምልጦት።

«ድንጋይ ከቻለች ልጅ አያቅታትም።»

ገባባት። ወንበር ስለሌላት ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ጎኗ እስከ ትከሻው ድረስ ሸፈነው። ደግሞ ነፋስ መጣ፤ አሁን ግን በላዩ አለፈ፤ ፀጉሩን እንኳ አልነካበት። ጀልባዋ ጎማዋ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ጎኑን ወደ ግራ ጣለ፣ ወደ ቀኝ ጣለ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ። ምንም። ላጢፋ ጆጓን ይዛ እንደገና እግሩን ስታርሰው አልጮኸም። ከጊዜ በኋላ የራሰው እግሩ እንኳ ሞቅ አለው። አገጩ ደረቱ ላይ ወረደ።

ማንኮራፋቱ አጥሩ ድረስ ተሰማ። «ቀስ በሉ፣ ፋዘር ተኝቷል» ተባባሉ ሲሚንቶ አውራጆቹ። ላጢፋ ከአያና በርጩማ ተቀብላ ሁለት ሰዓቱ እስኪሞላ አጠገቡ ተቀመጠች። ነፋሱን አየች፣ ባሏን አየች። ይህ ሰው እኮ ድልድይ በእግሩ ሲሻገር እንኳ ዓይኑን የሚጨፍን ነው።

ሲነቃ «ስልክሽን ስጪኝ» አላት። ደውላ፣ ለሷም እንዲሰማት ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰጠችው።

«እማ?» አለ ዘካሪያ።

«እኔ ነኝ።»

«አባ?»

«ጀልባ አግኝቼልሃለሁ። መልኳ ያስጠላል። ጎኗ ረጅም፣ ሆዷ ሰፊ ነው። ሸራ እንዳታለብሳት። ነፋስ ሲነሣ ወለሏ ላይ ቁጭ በል፤ በላይህ ያልፋል። ሞክሬዋለሁ።»

«የት ሞከርካት? ቃሊቲ ሐይቅ ወጣ እንዴ?» ልጁ መሣቅ ጀመረ።

«ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩባት። እግሬ ርሶ፣ በዚህ ብርድ። እንቅልፍ ወሰደኝ።»

የዘካሪያ ሣቅ ቀጥ አለ። «እኔን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም፣ አባ» አለ። «ዓይኔን ስጨፍን ውሃው ይመጣል። ለእማ እንዳትነግራት።»

ላጢፋ ፊቷን አዙራ የጀልባዋ ወለል ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በጆጉ እየቀዳች መድፋት ጀመረች።

«አልነግራትም» አለ ደርዊሽ እያያት። «ቅዳሜ ጭኜ እመጣለሁ። ኢንሻአላህ እሑድ አብረን እንወጣባታለን። ነፋስ ካለም እንወጣለን።»

«አንተ ዋና ትችላለህ እንዴ?»

ደርዊሽ ሚስቱን አየ። ዕድሜ ልኩን የደበቀው ምስጢር ነው።

«አልችልም» አለ። «አንተ ትይዘኛለህ።»

ስልኩን ዘግቶ ከጀልባዋ ወረደ። «አያና» አለ፣ «ዋጋዋን ንገረኝ፤ ገመድና የጭነት መኪናም አስመጣ፤ የልጄን ጀልባ እንጫን።» ላጢፋ ከመሬት ኮፍያውን አንሥታ አቧራውን አራግፋ ሰጠችው። ካልሲው ገና እርጥብ ነበር።