ያልተጣሉ ሰዎች እርቅ

ዋቅቶላ ጋያ ማጤስ የተወው ወዶ አይደለም፤ ሳሉ መቆሚያ መቀመጫ ቢያሳጣው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወደ ቡልቡላ ገበሬ ማኅበር እየመጣች መድኃኒት የምታድለው ፋርማሲስቷ ሙሉአለም ሳሉን ሰምታ፣ «አባባ፣ ጋያውን ካልተዉ ይሄ ሽሮፕ ዋጋ የለውም። ለጊዜውም አብሮዎት ከሚያጤስ ሰው ራቅ ይበሉ» አለችው። ዋቅቶላ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለምና እሺ ብሎ ራቀ።

አብሮት የሚያጤሰው ግን ኤርሳዶ ነበር። ከሆሳዕና በኩል መጥቶ፣ ከዋቅቶላ ጋር የአንድ ባላባት ጭሰኛ ሆኖ፣ አብዮቱ መሬቱን ሲያደላድል አጥር ለአጥር የተጎራበተው ኤርሳዶ። ማታ ማታ አንድ ቅል ጋያ እየተቀባበሉ ነው ያረጁት። አሁን ዋቅቶላ ሲያየው መንገድ ያሳብራል፤ ሲጠራው እንዳልሰማ ያልፋል። ምን ይበለው? «አንተን ሽሽ ተባልኩ» ይባላል?

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎች ደጁ ሲቆሙ ክው አለ። ዘመኑ ሰው ተሰብስቦ በመጣ ቁጥር የሚያስደነግጥ ዘመን ነበር። ምን አጠፋሁ? ስብሰባ ቀርቼ ይሆን? ይባስ ብሎ ከኋላቸው ኤርሳዶ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ብቅ አለ።

«ይቅር በለኝ» አለ እንዳጎነበሰ።

«ምን በድለኸኝ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌዎቹም ግራ ገብቷቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ጠብ ዳኝተው አያውቁም። ድንጋዩን አስወረዱና፣ እርቁ እንዲጸና አብራችሁ አጢሱ ብለው ጋያ ለኩሰው ለዋቅቶላ አቀበሉት። ሽታው ናፍቆታል። ቢስብ ደረቱ፣ ባይስብ ወዳጁ ሊሄድበት ነው። በመጨረሻ ቅሉን መሬት አስቀመጠና ሙሉአለም ያለችውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

ኤርሳዶ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይሄን መንገር አቅቶህ ነው እንደ እብድ ውሻ የሸሸኸኝ?»

«ራቅ ተባልኩ እኮ!»

«ሰውየው እኔ መሆኔን ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ብትነግራትማ እንዲህ አትልም ነበር። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን፤ እኔም እተወዋለሁ።» ኤርሳዶ ድንጋዩ የላጠውን አንገቱን አሻሸ። «ግን እኔን ደግሞ ከማን ራቅ ልትለኝ ነው?»

ዋቅቶላ የኤርሳዶን እጅ ያዘና አልለቅም አለ።