ከአጥሩ ማዶ ያለው ሳማ

ባሌን ከአልጋ ያስነሳችው አንዲት የእሳት እራት ናት። እኔ በስንት ልመና ያቃተኝን እሷ በአንድ ቀን ቻለችው። አልተቀየምኳትም፤ ዕድሜ ይስጣት።

ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። ግማሽ ጎኑ ከዛለበት ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ነበር። አንድ ጠዋት ደግፌ በረንዳ ላይ ሳስቀምጠው የእሳት እራቷ መጥታ እጅጌው ላይ አረፈች። ከጣት ጥፍር አትበልጥም፤ አመድማ ናት፤ የክንፏ ጠርዝ ላይ ቢጫ መስመር አላት።

"ይቺ የቆላ ናት። ከተራራው ወዲህ ታይታ አታውቅም" አለ። ከዚያ ከዘራውን አምጪ አለኝ።

ልጆቿን ያገኘው ከአጥሩ ማዶ፣ የጎረቤታችን ሳማ ላይ ነው። አረንጓዴ አባጨጓሬዎች ናቸው፤ ቅጠሉን በድር ጠቅልለው ውስጡ ይደበቃሉ። ከሳማ በቀር ምንም አይቀምሱም። ባሌ በየማለዳው አጥሩን ተደግፎ ሲያያቸው ያረፍድ ጀመር።

ጎረቤታችን ደግሞ ልጇን ልትድር ነውና ግቢዋን ልታስመነጥር ሰው ቀጥራለች። በዚያው ሳማ ሰበብ ከተኮራረፍን ቆይተናል። የልጅ ልጇን ሲለበልባት "ከእናንተ ግቢ የመጣ ነው" አለችን፤ እኔም ዝም የምል ሴት አይደለሁም።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ። በሯ ላይ እንደቆምኩ ስለ እሳት እራቷና ስለ ልጆቿ ነገርኳት።

"ብል ነው? የሠርግ ልብሴን ሊፈጅ?"

"ሳማ ብቻ ነው የሚበሉት።"

"ታዲያ ምነው ቶሎ ቶሎ ቢበሉልኝ!"

"ካስነቀልሽው ይሞታሉ። እነሱ ከሞቱ እሱም ተመልሶ ይተኛል" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። "መምህር ቆመው ይሄዳሉ እንዴ?"

"በየጠዋቱ፣ አጥርሽ ድረስ።"

በሩን ዘጋችብኝ።

በነጋታው የማጭድ ድምፅ ስሰማ ባሌን ላስቀረው ፈለግኩ፤ እሱ ግን ከዘራውን ይዞ ወጥቷል። እኔም ተከተልኩት። ግቢው ተመንጥሮ መዳፍ መስሏል። ሳማው ግን እንዳለ ነው፤ ልጆች እንዳይጠጉት ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮበታል። ላመሰግናት ስል እንባዬ ቀደመኝ።

ጎረቤታችን እዚያው ቆማ ነበር፤ እኔን ግን አላየችኝም። "መምህር" አለችው፣ "ለሠርጉ ወንበርዎን እዚህ ሳማው አጠገብ አስቀምጥልዎታለሁ። ክንፍ ሲያወጡ ደግሞ ይጥሩኝ፤ እኔም ልይ። መኪና ልላክልዎ?"

"ተይው" አላት ባሌ። "በእግሬ እመጣለሁ።"